ሌሊት የተነሳው ፈረስ

በየዓመቱ የካቲት ሲገባ አንድ ጭቅጭቅ አብሮት ይገባል። የምኒልክ ሐውልት ይነሳ፤ አይነሳም። አኖሌ ይፍረስ፤ ማን ደፍሮ! ሁለት ሳምንት እንሰዳደብና የካቲት 23 ሲያልፍ ነገሩ እስከሚቀጥለው ዓመት ይተኛል። በስድቡ መሃል ግን አንድ ጥያቄ ይረሳል። እስከ ዛሬ በዚህች ሀገር የቆመ ሐውልት ያነሳው ማን ነው? መቼ አነሳው? ማንን ጠይቆ? መልሱ ከምንገምተው በላይ ስለ ራሳችን ይናገራል። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ታግሳችሁ አንብቡት።

ከእኛ ሰፈር ልጀምር። ንፋስ ስልክ ላይ ቀላል ባቡሩን ተሳፍሮ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው (ባቡሩ ሲመጣ ማለቴ ነው) ላንቻን፣ ጠመንጃ ያዥን፣ ሪቼን አልፎ ለገሃር ሲደርስ ከሞዓ አንበሳው አጠገብ ያልፋል። ሜክሲኮን፣ ልደታን፣ አውቶቡስ ተራን ዞሮ ወደ አራዳ ሲጠጋ አቡነ ጴጥሮስ አሉ። የመስመሩ መጨረሻ ምኒልክ አደባባይ ነው። በዚህ መስመር ላይ የቆሙት እነዚህ ሦስት ሐውልቶች፣ ሦስቱም፣ አንድ ጊዜ ከቦታቸው ተነቅለው የተመለሱ ናቸው። ሁለቱን ጣሊያን ነቀላቸው። አንዱን ራሱ ባቡሩ ነቀለው።

የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት ወር 1923 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊጭኑ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። የሠራው ሃርትል የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ቀኑ ያለ ነገር የተመረጠ አይመስለኝም። ለዘውዱ በዓል የተጠሩት እንግዶች ከተማ ገብተዋል፤ ከእንግሊዝ የንጉሡ ልጅ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከጣሊያንም የሳቮያ ቤት ልዑል። አድዋ ላይ ጦሩ የተሸነፈበት የጣሊያን ንጉሥ ወገን ለደስታ በመጣበት ሳምንት፣ የአድዋው ድል አድራጊ በነሐስ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ለሕዝብ ተገለጡ። ለዚህ ንግግር አያስፈልግም።

ፋሺስቶቹ መልእክቱ ገብቷቸዋል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ከሮም ትዕዛዝ መጣ፣ ያ ሐውልት ይነሳ። በቀን፣ በሰንደቅና በማርሽ ባንድ አላነሱትም። ሌሊት ነቅለው ቀበሩት። አስቡት፤ ሀገር ሙሉ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ የወረረ መንግሥት አንድ የነሐስ ፈረስ ለማንሳት ጨለማ ጠበቀ። ጠዋት የተነሳው የአራዳ ሰው ባዶውን መደብ አይቶ አለቀሰ። ከነጻነት በኋላ ፈረሱ ከነጋላቢው ከተቀበረበት ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህ ሌሊት በሐውልቱ ላይ የጨመረው ነገር አለ። በ1923 የቆመው የአንድ ንጉሥ መታሰቢያ ነበር፤ ያውም ዘውድ የሚጭነው ሰው ከአድዋው ንጉሥ ጋር ያለውን ዝምድና ለማሳየት የቆመ። ተቀብሮ ሲወጣ ግን የከተማው ሕዝብ ንብረት ሆነ። ዛሬ ሐውልቱ ይነሳ ሲባል ብዙ አዲስ አበቤ የሚሰማው ቁጣ ከንጉሡ ፍቅር ብቻ የመጣ አይደለም። ከዚህ ቀደም ይህን ያደረገ ማን እንደነበር ያውቃል።

ሞዓ አንበሳውም በዚያው የዘውድ በዓል ሰሞን የቆመ ነው። እሱን አልቀበሩትም፤ ሮም ወሰዱት። የተከሉት ከትልቁ የባቡር ጣቢያ አጠገብ በዶጋሊ መታሰቢያ ሥር ነው። ዶጋሊ ማለት ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ከ400 በላይ የጣሊያን ወታደሮች የደመሰሱበት ሜዳ ነው። ጣሊያኖች ለእነዚያ ሙታን ከጥንታዊ ግብፅ የመጣ የድንጋይ ዓምድ አቁመውላቸዋል፤ ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይም እስከ ዛሬ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ይባላል። ሮም ተርሚኒ የወረደ ሐበሻ ሁሉ ይረግጠዋል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ የት ሊሄዱ ሲሉ እንደሞቱ ስንቱ እንደሚያውቅ እንጃ። እንግዲህ የተማረከው አንበሳ የዶጋሊን ሙታን እንዲክስ እዚያ ታሰረ። በ1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የተባለ ኤርትራዊ ወጣት እዚያው አንበሳው አጠገብ ሰይፍ መዞ ጣሊያኖቹ ላይ ተነሳ። ተተኩሶበት ተያዘ፤ ከጣሊያን ሳይወጣ በ1937 ዓ.ም. ሞተ። የዚያ ቀን ውሎ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ብዙ ተጨምሮበታል፤ ዘርዓይን ለማክበር ግን ጭማሪው አያስፈልግም።

አንበሳው በንጉሡ ዘመን ወደ ለገሃር ተመለሰ። ከዚያ ደርግ መጣ። የአንበሳው ራስ ላይ ዘውድ አለ፤ ደርግ ደግሞ ዘውድ አይወድም። ይነሳ የሚል ሐሳብ ተነስቶ እንደነበርና የጥንት ጀግኖች አርበኞች የዘርዓይን ነገር አስታውሰው እንዳስቀሩት ይነገራል። ይህችን ያዙልኝ። አንበሳው የንጉሥ ምልክት ሆኖ ቢቆም ኖሮ በ1967 ይወድቅ ነበር። ያተረፈው፣ ቀራጩም አሠሪውም ያላሰቡት፣ ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው በደሙ የጨመረበት ትርጉም ነው።

አቡነ ጴጥሮስን ባጭሩ ልለፋቸው። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች በጥይት የገደሏቸው ጳጳስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ተነስቶ ብሔራዊ ሙዚየም ገባ፤ በ2008 ተመለሰ። መንግሥት ይመለሳል ብሎ ደጋግሞ ተናግሮ ነበር፣ ሰዉ ግን አላመነም። ቀጥሎ ምኒልክ ናቸው የሚል ወሬ ከተማውን አጥለቀለቀው። ባቡሩ በመጨረሻ በአደባባዩ ሥር በመሬት ውስጥ አለፈ፣ ፈረሱም አልተነካ። ወሬውን ያነሳሁት ለሐሜት አይደለም። መንግሥት በጠራራ ፀሐይ፣ በክሬን፣ በካሜራ ፊት፣ እመልሳለሁ ብሎ ምሎ ሐውልት ሲያነሳ እንኳ ሰው የማያምነው ለምንድን ነው? እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያውቀው ሌላ ዓይነት አነሳስ ስለነበረ ነው።

ለምሳሌ ሌኒን። ከአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ፊት ለፊት አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ወደ ቦሌ ሊሄድ የተነሳ መስሎ ይቆም ነበር፤ በዚህ የተቀለደው ቀልድ ብዙ ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ቆየ። ሌኒንን ኢሕአዴግ አፈረሰው የሚል ሰው አያለሁ። ቀኑን ቁጠሩ። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከሀገር ወጡ። ሌኒን በሁለተኛው ቀን ግንቦት 15 ወደቀ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 20 ነው። ማለትም ሌኒን የወደቀው የቆመለት ሥርዓት ገና ቤተ መንግሥቱ ውስጥ እያለ፣ ግን ጌታው ከሄደ በኋላ ነው። ማንም አልተከላከለለትም፣ ማንም አላለቀሰለትም። ከዚያም ለዓመታት በአንድ የመንግሥት ግቢ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ሲያይ ኖረ። ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው ካርል ማርክስ ግን አሁንም አለ። የሁለቱ እምነት አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማርክስ በቀይ ድንጋይ የተቀረጸ ትልቅ ጭንቅላት ሆኖ ከተማሪ መሃል ጥግ ይዞ መቀመጡ ብቻ ይመስለኛል። ከፍ ብሎ የቆመ ቶሎ ይታያል።

ስድስት ኪሎ ከደረስን አንድ ነገር ላሳያችሁ። የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው ዋናው ግቢ ውስጥ፣ ወደ የትም የማይወስድ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ያቆሙት ነው። እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ያለፈ አንድ ዓመት ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ እየተቆጠረ ወደ ላይ ይወጣል። አስቡት፣ የድል ሐውልት ነው፣ ያውም በተሸነፈው ንጉሥ ግቢ ውስጥ። ከነጻነት በኋላ ማፍረስ ቀላል ነበር፤ አንድ ቀን በመዶሻ ያልቃል። አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። የሙሶሊኒ ዓመታት በሙሉ የአንበሳው መቀመጫ ሆኑ። በዚህች ከተማ ውስጥ በሐውልት ላይ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ እኔ ይህን የሚያህል ብልህ አላየሁም። ቅኔ ነው፤ ሰሙ የጣሊያን ደረጃ፣ ወርቁ አንበሳው። ጣሊያን መጥቶ እንደነበር አልተደበቀም፣ መሄዱም አልተደበቀም።

አሁን ወደ ከባዱ እንግባ። ከላይ ያሉት ቀላል ናቸው፤ ጠላት የውጭ ሰው ሲሆን ሐውልት አያጣላም። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይፍረስ የሚል ሰው አልሰማሁም። ጣሊያን ውስጥ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራ ኢትዮጵያውያን በያሉበት ሀገር አብረው ጮኹ፤ በዚያ ሰልፍ ላይ ማንም የማንን ብሔር አልጠየቀም። ችግሩ ገዳይና ሟች አንድ ፓስፖርት ሲይዙ ነው።

ትግላችን ሐውልትን ውሰዱ። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው፣ 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት። በ1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰሜን ኮሪያውያን እጅ ተሠርቶ የተመረቀ ነው። ጎንና ጎኑ ያለው የነሐስ ቅርጽ ንጉሡን ያወርዳል፣ ረሀቡን ያሳያል፣ ሕዝቡን ከመሪው ጋር ወደ ፊት ያስኬዳል። ይህ የደርግ ታሪክ ነው፣ ራሱ ስለ ራሱ የጻፈው። ከዚያው ጋር ግን የሶማሌ ጦርነት አለ፤ የሞቱት ኩባውያን ምስል አለ። የዚያድ ባሬ ጦር በ1969 ክረምት ገብቶ ጅግጅጋን ሲይዝ፣ ከየገጠሩ ተሰብስቦ በጥቂት ወር ሥልጠና ወደ ምሥራቅ የተላከው ሚሊሻ፣ ካራማራን ያስመለሰው ወታደር፣ የካቲት 26 ቀን 1970። ለእነዚህ ሰዎች ሌላ የረባ ሐውልት የት አለ?

ኢሕአዴግ ትግላችንን አላፈረሰውም፤ ኮከቡንም አላወረደውም። አላከበረውምም። ለብዙ ዓመታት ካራማራ በመንግሥት አንደበት የማይጠራ ድል ሆኖ ቆየ። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ጥግ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ከትግላችን ሐውልት እስከዚያ ድረስ በእግር ብዙ አያስኬድም። በአንዱ የኮሎኔሉ ሥርዓት ሕዝብን እየመራ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በሌላው በመስታወት ውስጥ የልጆች የራስ ቅል አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ካራማራ ላይ ልጁን የሰጠ አባት፣ ሌላውን ልጁን ቀበሌ ደጃፍ ላይ ወድቆ ያገኘ አባት ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው። ትግላችን ይፍረስ የሚለኝ ሰው ካለ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ደርግን ስታፈርስ ወታደሩን የት ታስቀምጠዋለህ? አይፍረስ ለሚለኝም ጥያቄ አለኝ። ከሐውልቱ ሥር የቀይ ሽብርን ነገር አንድ መስመር የሚጠቅስ ጽሑፍ ቢቆም ምን ትላለህ?

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግሥቱ ሐረር ላይ የራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት በሕዝብ ተጎትቶ ወደቀ። በዚያው ቀን በለንደን ዊምብልደን፣ ካኒዛሮ መናፈሻ ውስጥ የነበረው የልጃቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ተሰባብሮ ተገኘ። አባትና ልጅ በአንድ ቀን በሁለት አህጉር።

የሐረሩን ሐውልት የነደፉት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ነበሩ። የራስ መኮንን ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አምባላጌ ላይ፣ መቀሌ ላይ፣ አድዋ ላይ የተዋጉ ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሐረር ላይ ደግሞ የምኒልክ ጦር በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል ካደረገ በኋላ የተሾሙ ገዢ ናቸው። ለሐረሪውና በዙሪያው ላለው ኦሮሞ ያ ቀን የነጻነቱ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሐረር ውስጥ የቆመው ፈረስ ለአንዱ የአድዋ ጀግና ነው፣ ለሌላው ደግሞ ጨለንቆ ራሱ። እዚያ ከተማ መሃል ሲተከል ይህ ጥያቄ ተነስቶ ያውቃል? በንጉሡ ዘመን የንጉሡ አባት ሐውልት ሲቆም ማን ደፍሮ ይጠይቃል!

ሲወድቅም የጠየቀ የለም። አወዳደቁን የማልደግፈው ለዚህ ነው፤ ለነሐሱ አዝኜ አይደለም። በእነዚያ ቀናት በየከተማው ሰው እየሞተ፣ ቤትና ሱቅ እየነደደ ነበር። ሐውልቱ የወደቀው በክርክር ተሸንፎ አይደለም፤ የሃጫሉ ሐዘን ገንፍሎ ያገኘውን ጠራርጎ ሲሄድ ነው። በዚህ መንገድ የወደቀ ሐውልት ደግሞ አይሞትም። እንደ ምኒልክ ፈረስ ለወዳጁ ሰማዕት ይሆናል።

አኖሌ። አርሲ ዞን፣ ሄጦሳ ወረዳ፣ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀ፣ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ። ምስሉን ያላየ የለም። ስለዚህ ሐውልት ሁለት ቀላል ንግግሮች አሉ፤ ሁለቱም አይዋጡልኝም።

የመጀመሪያው "በልብ ወለድ የተፈጠረ ውሸት ነው" የሚለው ነው። ነገሩን በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ያስፋፋው በ1992 ዓ.ም. የታተመው የተስፋዬ ገብረአብ ልብ ወለድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከዚያ መጽሐፍ በፊት የአርሲን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰቡት ቃል አለ። ጦርነቱ ራሱማ አከራካሪ አይደለም፤ በ1870ዎቹ ራስ ዳርጌ አርሲን ለማስገበር ደጋግመው ዘምተዋል፣ አርሲም በጦርና በፈረስ ጠመንጃን ለዓመታት ተቋቁሟል። "እጅ መቁረጥ በእኛ ዘመቻ አይታሰብም" የሚለኝ ሰው ደግሞ አድዋን ያንብብ። ከድሉ በኋላ ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው የተማረኩ የኤርትራ አስካሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩት ቀኝ እጅና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ይህ የተመዘገበ ነው። የከዳ ሰው ቅጣት እንዲህ ነው ተብሎ፣ በይፋ፣ በተፈረደ ፍርድ። ለእነዚያ ሰዎች ሐውልት የለም፤ በየካቲት 23 ስማቸውን የሚያነሳም የለም። ዘመኑ እንዲህ ያለ ነበር። ስለዚህ የአርሲ እናት ከአያቷ ሰምታ ያቆየችውን ነገር "ልብ ወለድ" ብሎ መዝጋት ታሪክ አዋቂነት አይደለም፤ ላለመስማት የተገኘ ሰበብ ነው።

ሁለተኛው ንግግር "ሐውልቱ ታሪክን ከመናገር ሌላ ዓላማ የለውም" የሚለው ነው። ይህም አይዋጥልኝም። ሐውልት ምን እንደሚናገር የሚወስነው ቅርጹ ነው። አኖሌ ላይ የሟቾቹ ስም፣ የተዋጉበት ጀግንነት፣ ፈረሳቸው፣ ምድራቸው ጎልቶ አይታይም። የሚታየው የተቆረጠው አካል ነው። አርሲ በዚያ ጦርነት ቁስል ብቻ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ዓመት የተዋጋ ሕዝብ ነው። አሠሪዎቹ ይህን ትተው ቁስሉን ብቻ በድንጋይ ሲተክሉ፣ ለአርሲ ልጅ ከአያቶቹ ብርታት ይልቅ የበደላቸውን ሰው መርጠው ያስታውሱታል። ለሌላው ተመልካች ደግሞ አንተ ነህ ይሉታል። ለዚህ ነው ቅሬታዬ ከመቆሙ ሳይሆን ከአቋቋሙ የሆነው። ይፍረስ ግን አልልም። የአርሲ ሽማግሌዎች በሌሉበት አዲስ አበባ ተቀምጦ አኖሌ ይፍረስ ማለት፣ ሮም ተቀምጦ የምኒልክን ፈረስ ቅበሩ ከማለት በምን ይለያል?

ይህን ስል የሁለቱ ሐውልቶች ወገን ሁለቱም እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ይቆጡ።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገ? እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020፣ የሐረሩ ከመውደቁ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀድሞ፣ ብሪስቶል የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ኮልስተን የተባለ የባሪያ ነጋዴ ሐውልት በሕዝብ ተጎትቶ ወደቡ ውኃ ውስጥ ተጥሏል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያስቀናኝ። ከውኃው አወጡት፣ የተቀባበትን ቀለም ሳያጥቡ ሙዚየም ውስጥ በጀርባው አስተኝተው ለሕዝብ አሳዩት፣ ከዚያ ምን ይሁን ብለው ነዋሪውን ጠየቁ። ከ10 ሺህ በላይ ሰው ሐሳቡን ሰጠ፤ አብዛኛው ሙዚየም ይቀመጥ አለ። የእኛም ሌኒን በጀርባው ተኝቷል፤ ልዩነቱ ያስተኛነው እንዳይታይ መሆኑ ነው። ኢስቶኒያ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ወታደር መታሰቢያ የሆነውን የነሐስ ሐውልት ከዋና ከተማዋ መሃል አንስታ ወደ ወታደሮች መካነ መቃብር ወሰደችው። ሩሲያኛ ተናጋሪው ሕዝብ አልተስማማም ነበር፤ ሁለት ሌሊት ረብሻ ሆነ፣ ሰው ሞተ። ሐውልቱን አላፈረሱትም፣ ቦታውም ለሞተ ወታደር የሚገባ ነበር። ያም ሆኖ በመቻኮላቸው ዋጋ ከፍለዋል።

እኛስ ሕግ አጥተን ነው? አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት ይላል። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሳትን ይከለክላል። የሚጎድለው ወረቀቱ አይደለም። ያየናቸውን ደርድሩ፤ ምኒልክን ወራሪ በሌሊት፣ ሌኒንን ባዶ ዙፋን፣ ራስ መኮንንን የገነፈለ ሐዘን፣ አቡነ ጴጥሮስን መሐንዲስ። የከተማ ምክር ቤት ቁጭ ብሎ፣ ተቃዋሚና ደጋፊ ተሰምቶ፣ የታሪክ ሰው ተጠይቆ፣ በድምፅ የተወሰነ አንድም የለም። ሲቆሙም እንደዚያው ነው። ንጉሡ ለአባታቸው፣ ደርግ ለአብዮቱ አቆሙ፤ በኢሕአዴግ ዘመን መቀሌም ባሕር ዳርም አዳማም ለየድርጅቱ ሰማዕታት ሐውልት ቆመ። ያቆመው ሲወርድ ሐውልቱ ባለቤት ያጣል፤ ወይ ይወድቃል፣ ወይ እንደ አንበሳው ሌላ ትርጉም እስኪያገኝ ዕድሉን ይጠብቃል።

የምኒልክ ሐውልት ዛሬ ይህን ዕድል በሌላ መልክ እየጠበቀ ይመስለኛል። በ2015 ዓ.ም. የአድዋ በዓል መንግሥት ዋናውን ሥነ ሥርዓት መስቀል አደባባይ አደረገው፤ እንደ ልማዱ ጊዮርጊስና ምኒልክ አደባባይ የወጣው ሕዝብ በአስለቃሽ ጭስ ተበተነ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በዓመቱ በየካቲት 2016 እዚያው ፒያሳ፣ ከሐውልቱ ጎን፣ የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመረቀ። በሙዚየሙ ላይ የሚነሳውን ትችት እዚህ አልገባበትም። ሐሳቡ ግን፣ ድሉ የአንድ ንጉሥ ብቻ ሳይሆን የብዙ አዝማችና የብዙ ሕዝብ ነው የሚለው፣ ትክክል ነው። አዲሱ ቤት ንጉሡን ከታሪኩ ለማሳነስ ከሆነ የተሠራው ጊዜ ያጋልጠዋል፤ ሌሎቹን ከፈረሱ ጎን ለማሰለፍ ከሆነ ግን ይበል የሚያሰኝ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ፈረሱ ባለበት ይቁም። ከሥሩ ግን አድዋን ብቻ ሳይሆን ጨለንቆንና አርሲንም የሚጠቅስ ጽሑፍ ይኑር፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ። ያኔ ከአሰላ የመጣ ልጅ አደባባዩ ላይ ቆሞ ሲያነብ የአያቱ ነገር እዚህም እንደሚታወቅ ያያል። ይህን መሸከም የማይችል የአድዋ ክብር ያለ አይመስለኝም። የራስ መኮንንንም ሐውልት በተመለከተ የሐረር ሰው ይጠየቅ። ወደ ቦታው ይመለስ ካለ ይመለስ፤ ሙዚየም ይግባ ካለ እንደወደቀ፣ ስብራቱ ሳይጠገን ይግባ።

ለምን አሁን ትጽፋለህ ለሚለኝ፣ ምክንያቴ ያለፈው ጦርነት አይደለም። የቅርቡ ነው። በጥቅምት 2013 የተጀመረውና በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው የሰሜኑ ጦርነት እንደ ሌሎቹ ሁሉ አንድ ቀን ሐውልት ይቆምለታል። መቀሌ የራሱን ሊያቆም ነው፣ ወልዲያ የራሱን፣ ሰመራ የራሱን፣ አዲስ አበባ የራሱን። በእያንዳንዱ ላይ ጀግናውና ገዳዩ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላም የእኛ የልጅ ልጆች የካቲትን በአኖሌና በምኒልክ እንደምንጨቃጨቀው ጥቅምትን በእነዚህ ይጨቃጨቁበታል። ስለዚህ የመሠረት ድንጋይ የሚያስቀምጥ ባለሥልጣን ሪባን ከመቁረጡ በፊት አንድ ሥራ ይቅደም፤ የሞቱት ይቆጠሩ፣ ስማቸው ይጻፍ፣ በየትኛውም ጎን የሞቱት። በድርድሩ የአፍሪካ ኅብረት ተወካይ የነበሩት ኦባሳንጆ ቁጥሩ እስከ 600 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ተናግረው ነበር። ከመንግሥት በኩል እስከ ዛሬ ይህን ያህል ሰው ሞተ ብሎ የነገረን የለም።